በካሜራ ፊት ቀበርንህ

ኤርሚያስ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሆንክ አውቃለሁ። ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዝናቡ በጣራው የሚያፈስበትን ቦታ አሁን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ባልዲውንም የማስቀምጠው እኔ ነኝ። «ኤርምዬ» ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄ እምቢ አለ። ንዴቴ እስኪበርድ ድረስ ኤርሚያስ ነህ።

ስለ ቤቱ ልንገርህ፣ ወጉ እንዲያ ነውና። እናትህ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ቂርቆስን ሳይሳለሙ አይውሉም። በሩን ቀለም ቀባሁት። አረንጓዴ። የማትወደውን ቀለም መርጬ ነው። ልብሶችህን ሰጠሁ፤ ጫማዎችህን አልሰጠሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጋ ሥር ናቸው፤ ስጠርግ በመጥረጊያው እገፋቸዋለሁ።

ካዛንቺስን ብታየው አታውቀውም። ፊልሙን የቀረጻችሁበት ግቢ፣ ያ የእንጨት በረንዳ የነበረው ቤት፣ ፈርሷል። ከጎኑ የነበሩትም ፈርሰዋል። ሰዎቹ ተበትነዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራት ተደርድሮበታል። ከምሠራበት ክሊኒክ ስወጣ አሁንም በዚያ በኩል ነው የማልፈው። ግቢው የነበረበትን ቦታ በዓይኔ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን «እዚህ ጋ ነበር» እላለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ «አይ፣ ትንሽ ወደዚያ» እላለሁ። እርግጠኛ መሆን አቅቶኛል። ቆሜ ሳይ ሰው ያየኛል፤ የጠፋብኝ ነገር ያለ ይመስል።

ያ ግቢ አሁን ያለው ፊልሙ ውስጥ ብቻ ነው። አንተም እንደዚያው።

ሰዎች ይህን እንደ ማጽናኛ ይነግሩኛል። «ቢያንስ ፊልሙ ላይ አለ» ይሉኛል። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ለዚህ «ቢያንስ» ለሚሉት ነገር።

ፊልሙ ስም አለው፤ እኔ አልጠራውም። ታሪኩን አንተ ታውቀዋለህ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግን አያውቁትም። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። ጌታሁን የሚባል የጋራዥ ሠራተኛ ከአንድ ጓደኛው ጋር ካዛንቺስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሁለቱም የአከራያቸውን ልጅ ይወዳሉ። ልጅቷ ጌታሁንን ትመርጣለች። ጓደኛው ይቀናል፤ ቅናቱን በቀልድ ይሸፍናል፤ ሠርጉ ሲቃረብ ወንዝ ዳር ተከትሎት በጩቤ ይገድለዋል። መጨረሻው ቀብር ነው። ጌታሁን አንተ ነበርክ። ልጅቷ ራሔል ናት።

የእኛን ፍቅር ግን ማንም ፊልም አይሠራበትም። ካዛንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የተገናኘነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አንተ ከፊት ነበርክ። ዞር ብለህ አየኸኝና እጄን ይዘህ ጎተትከኝ። ከኋላ ያሉት ሲጮሁ «እህቴ ናት፣ ቦታ ይዤላት ነው» አልካቸው። አንዲት ወፍራም ሴትዮ «ወንድምና እህት እንዲህ አይተያዩም» አለች፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ያሳቀኝ አዋሻሸትህ ነው። ፊትህ ላይ ምንም አልነበረም፤ እውነት የምትናገር ነበር የምትመስለው። ያን ፊት ወደድኩት። አገባሁት።

የጌታሁንን ሥራ ያገኘህ ዕለት ቤቱን ዘለልክበት። ከዚያ በፊት የምትሠራው በር የሚከፍት ሰው፣ ትዕዛዝ የሚቀበል ወታደር ነበር። አሁን ስምህ ፖስተር ላይ ሊወጣ ነው። ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ። ሰፈሩ ግን አላስቀመጠኝም። ባለሱቁ ከድር ዳቦ እየጠቀለለልኝ፣ «ሂሩት፣ ባልሽ ዛሬም ሊሞሸር ሄደ?» ይለኛል። «በጊዜ ጥሪው፣ ሙሽራዋ ከነኮቱ እንዳታስቀረው።» እስቃለሁ። ቤት ስገባ አልስቅም።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ይዤላችሁ መጣሁ። በረንዳው ላይ ነበራችሁ። ራሔል ፀጉር ላይ ክር ወድቆ፣ አንተ ክሩን በሁለት ጣትህ ታነሳላታለህ፣ ከዚያ የት እንደምትጥለው የጠፋህ ትመስላለህ። ጥሩ ትወና ነበር። «ብርሃኑ ተቀየረ፣ ይደገም» ሲሉ ሌላ ክር ያስቀምጡላታል። አንተ እንደገና ታነሳለህ። የምሳ ዕቃውን ታቅፌ ቆሜ አየሁ። ለእኔ ክር አንስተህልኝ አታውቅም። ያለብኝን ክር ሁሉ ራሴ ነው የማነሳው።

ቤት ስንገባ አላናገርኩህም። «ሥራ እኮ ነው፣ ሂሩትዬ። በቃ ሥራ ነው» አልከኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «የወደዳት ጌታሁን ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ብለህ ሳቅክ።

ቀናሁ። ሌሊት እንቅልፍ እስኪያሳጣኝ ሳይሆን፣ ቀን ቀን፣ ሥራ ላይ፣ የሰው ስም እየጻፍኩ ፊደል እስክገድፍ። አሁን ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። ያለኝን ቅናት ሁሉ በአንድ ክር ላይ ጨረስኩት።

በዚያው ሰሞን ደረትህን መያዝ ጀመርክ። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለህ፤ ስልክ የምታይ ትመስላለህ። ምን ሆንክ ስልህ «ጨጓራ ነው» አልከኝ። ፊትህ ላይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስቴ ውስጥ በርበሬ አልገባም። ድንች አልጫ፣ ክክ አልጫ፣ ሥጋ ሲገኝም አልጫ። እናትህ፣ እማማ፣ ሳህናቸውን እያዩ፣ «ምነው ልጄ፣ ይህ ጾም የሚፈታው መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። «ለኤርሚያስ ነው፣ እማማ፣ ጨጓራው እኮ ነው» እላቸዋለሁ። እሳቸውም «እንግዲህ ለእሱ ከሆነ» ብለው ይጎርሳሉ። ሦስታችንም ለሌለ ጨጓራ አልጫ ስንበላ ከረምን። አንተም እያመሰገንክ ትበላ ነበር። «ተሻለኝ እኮ» ብለኸኛል። ይህንንም ብለኸኛል።

ቀረጻው ሳያልቅ ሞትክ። ጠዋት፣ ፊትህን ልትታጠብ ወጥተህ። ውኃው እየፈሰሰ ነበር፤ ረስተኸው መስሎኝ ልዘጋው ወጣሁ።

ስለ ቀብርህ ልንገርህ። አይተኸዋል ማለት አልችልም።

ዳይሬክተርህ ፋሲል ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። «ሣጥኑን ለእኛ ተዉልን፣ ኤርሚ የእኛም ልጅ ነው» አለ። የእድራችን ዳኛ መረቁት። ያመጣው ሣጥን ያልተወለወለ እንጨት ነበር፣ የሚያብረቀርቅ እጀታ የሌለው፣ እንደ ድሮው ጥቁር ጨርቅ የለበሰ። ያምር ነበር። ካሜራ ያዡ ሙሌ ካሜራውን ይዞ መጣ። ሙሌ አብሮ አደግህ ነው፣ የዚሁ የቂርቆስ ልጅ፤ ማንም አልገረመውም። እኛ ሰፈር ቀብር ይቀረጻል። እህትህ ቤሩት ናት፤ ወንድሟን አልቀበረችም፤ ቢያንስ ቪዲዮው ይላክላታል። ባይቀረጽ ነበር ነገር የሚሆነው። እንዲያውም አክስትህ እያለቀሱ መሃል ላይ ቀና ብለው «ካሜራ ተጠርቷል?» አሉ። ሙሌ መኖሩ ሲነገራቸው ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ።

የፊልሙ ሰዎች ሁሉ የጥንት ልብስ ለብሰው መጡ። ወንዶቹ ረጅም ጥቁር ካፖርት፣ ሴቶቹ ቀሚስ፣ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው። ዝናብ ያካፋ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በሰዉ መሃል እየዞረ በለሆሳስ፣ «እባካችሁ፣ ጃንጥላ ይታጠፍ፣ ስልክ ኪስ ይግባ፣ ለክብሩ ሲባል» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ታዘዘ። ሽማግሌዎቹ ካፊያ እየመታቸው ቆሙ። ለእናትህ የፕላስቲክ ወንበር ቀርቦላቸው ነበር፤ እሱን አንስተው የእንጨት በርጩማ አመጡላቸው። ከአበባው ላይ የእኔ ክሊኒክ ሠራተኞች ስም የታተመበትን ሪባን ፈቱት። ሁሉንም አየሁ። ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «የፊልም ሰዎች ለካ ወግ ያውቃሉ» አልኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ፋሲልን እጁን ይዤ አመሰገንኩት። ዓይኔን ሳያይ «ግዴታችን ነው» አለኝ።

ከዚያ ጊዜው ሄደ። ፊልሙ የቀረ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ፋሲል ደውሎ፣ «ጨረስነው፣ ሂሩትዬ፣ መታሰቢያነቱ ለእሱ ነው፣ ከእናቱ ጋር ምረቃው ላይ ከፊት ትቀመጣላችሁ» አለኝ። ጥቁሬን ያወለቅሁት የምረቃው ዕለት ነው። ቀይ ምንጣፍ ነበር። እማማ ምንጣፉን እንዳያቆሽሹ በዳር በዳር ሄዱ።

መብራቱ ጠፋ። መጣህ። በረንዳው መጣ። ክሩ መጣ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ጓደኛህ ሲወጋህ አዳራሹ አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም። ያ ደም አልለቅ ብሎ ካናቴራህን በሳሙና ስፈትግ የዋልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ዝናብ አካፋ።

መጀመሪያ የመቃብሩን ግንብ አወቅሁት። ከዚያ በርጩማውን። ከዚያ ሣጥኑን። እነዚያ ካፖርቶች። ራሔል ሣጥኑ ላይ ወደቀች። በዕለቱም ወድቃለች፤ በዕለቱም አናዳኛለች። ከዚያ ካሜራው እኔን አገኘኝ፤ አልለቀቀኝም። ፊቴ ሸራውን ሞላው። አፌ ተከፍቷል። ያን ቀን «ኤርምዬ» እያልኩ ነበር፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ። ከአዳራሹ ስፒከር የወጣው ግን የሌላ ሴት ድምፅ ነው። «ጌታሁን» ይላል። «ጌታሁን፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ጌታሁን።» ከከንፈሬ ጋር አስተካክለውታል። በደንብ ተጠንቅቀው ነው የሠሩት።

በራሴ አፍ የሌላ ሰው ስም አስጠሩኝ። በባሌ ሣጥን ላይ ጎረቤት አደረጉኝ።

ከኋላዬ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ፣ «ይቺ ሴትዮ ግን እንዴት ነው የምትችለው፣ ማናት?» አለቻት። ጓደኛዋ፣ «ለመሙያ የተቀጠረች ኤክስትራ መሰለችኝ» አለች።

ዞር ብዬ ልነግራቸው ነበር። ምን ብዬ? አፌን ከፈትኩ፤ ምን እንደሚወጣበት ፈራሁ። ዘጋሁት።

እማማ እጄን ያዙኝ። እንደ እኔ የተናደዱ መስሎኝ አየኋቸው። ፊታቸው በርቷል። «አየሽ፣ ልጄ አምሮበት ሄደ» አሉኝ። «ስንት ሰው።»

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ፋሲል ቢሮ ሄድኩ። ካዛንቺስ፣ ባልፈረሰው በኩል፣ ሊፍቱ በማይሠራ ሕንፃ ላይ ነው። በየደረጃው ቆም እያልኩ ወጣሁ።

«ሂሩትዬ፣ ግቢ ግቢ፣ ምን ይምጣልሽ፣ ማኪያቶ?»

«ቀብሩን አውጣው» አልኩት።

«የቱን?»

«የቱን ይለኛል እንዴ? የባሌን ነዋ።»

ተቀመጠ። «ማለቴ…» አለ፤ ደግሞ «ማለቴ…» አለ። የጌታሁን ቀብር ሳይቀረጽ ነው ኤርሚ ያረፈው አለ። ያለ ቀብር ፊልሙ አያልቅም አለ። «በሌላ ሰው ብንሠራው ደግሞ፣ ማለቴ፣ ተመልካች ያውቃል።»

«ሣጥን ውስጥ ማን እንዳለ ተመልካች በምን ያውቃል?» አልኩት።

ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እሱ ራሱ ነው እንዲህ አድርጉ ያለን። እኔን አታምኚኝም፣ ሙሌን ጠይቂው» አለኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሙሌን ቂርቆስ፣ ጭማቂ ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ገና ሲያየኝ ለምን እንደመጣሁ አወቀ። ሙሌ መዋሸት አይችልም፤ እሱን ማግባት ነበረብኝ።

«ወንዝ ዳር ሩጫውን ስንቀርጽ ነው» አለኝ፣ የጭማቂውን ብርጭቆ እያሽከረከረ። «ይደገም ሲባል መሬት ላይ ቁጭ አለ። ምን ሆንክ ስለው፣ ‹ሙሌ፣ የልቤ ቫልቭ አይዘጋም ብለውኛል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል› አለኝ። ቀልድ መሰለኝ በቃ። ‹ቀብሩ ላይ ካልደረስኩላችሁ እውነተኛውን ቅረጹት፣ ፊልሙ እንዳይቀር› አለ። ፋሲልም ሰምቷል። ሳቅን እኮ፣ ሂሩት። እሱም ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ደገምነው።»

«ምኑን?»

«ሩጫውን።»

«ለእኔስ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«‹ሂሩት እንዳትሰማ፣ ሥራውን ታስተወኛለች› ብሎ አስምሎኝ ነው።» ከዚያ ብርጭቆውን ተወው። «‹እሷን ግን እንዳትቀርጿት› ብሎም ነበር። እኔ ነኝ። ፊትሽ ሌንሱ ውስጥ ሲገባ ካሜራውን ማዞር አቃተኝ። ፋሲል ደግሞ ሲያየው ይህን ማን ይጥላል አለ።»

ጭማቂውን አልጠጣም። እኔም አልጠጣሁም። ሁለታችንም ወደ መንገዱ ዞረን ተቀመጥን፤ ታክሲ የምንጠብቅ እንመስል ነበር።

ኤርሚያስ። ለእነሱ ነገርካቸው።

በእረፍት ሰዓት። ቁጭ ብለህ። እየሳቅክ። አንድ ትራስ ላይ አብራህ ለምትተኛ ሴት ጨጓራ ነው አልክ፣ ካሜራ ለተሸከመ ሰው እውነቱን ነገርክ። እኔ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የታመመ ሰው ስም ስጽፍ ነው የምውለው። የአንተን ስም አንድ ቀን እንኳ አልጻፍኩም፤ ሐኪምህ ሰንጋ ተራ እንደነበር ከሙሌ ሰማሁ። በእኔ መስኮት እንዳታልፍ ዞረህ ነው የሄድከው። መንገዱን አስብልኝ። ደረትህን ይዘህ፣ ረጅሙን መንገድ፣ ከእኔ ለመደበቅ።

አዎ፣ አስተውህ ነበር። በዚህ አልተሳሳትክም። በሩን ቆልፌብህ፣ ለእማማ ነግሬ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ሰብስቤ አስተውህ ነበር። ተኮራርፈን እንከርም ነበር። ሌላ ሰው ጌታሁንን ይሠራው ነበር፤ አንተ ደግሞ ሕክምናው ተገኝቶልህ ምናልባት ትኖር ነበር። ምናልባት ነው ያልኩት። ላይሆንም ይችላል። ግን ምናልባቷ የእኔ ነበረች። እሷን ነው የወሰድክብኝ።

እኔ በራሔል ስቀና ጣውንቴ ጌታሁን ነበር። የመረጥከው እሱን ነው። ለእሱ ሮጥክለት፣ ሞትክለት፤ ሲያንሰው ቀብርህንም ሰጠኸው።

«አትቅረጿት» ማለትህንም አስቤበታለሁ። ሰው ሲሰማው ፍቅር ነው ይል ይሆናል። ሙሌም እንዲያጽናናኝ ነው የነገረኝ። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነው። ቀብሩ ላይ የት እንደምቆም፣ ምን እንደምሆን ሁሉ አስበህ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ብቻህን አሰብክ፤ ከዚያ ቤት መጥተህ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» አልከኝ።

ፋሲል ጋ ተመለስኩ። «ቀብሩን ካላወጣህ እድሩን ይዤ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ድንኳን አስተክላለሁ፤ ፊልም ሊያይ የመጣውን ሁሉ ንፍሮ አቀርብለታለሁ» አልኩት። እንደማደርገው አወቀ። «እሺ ይወጣል» አለ። «ግን እናቱን አናግረሽ ነው?»

አላናገርኳቸውም ነበር።

እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር። ነገርኳቸው። ማለትም አንተ ታውቅ እንደነበር አልነገርኳቸውም፤ ቀብሩን ከፊልሙ ላስወጣው ነው ብቻ አልኳቸው። እጃቸው ምስሩ ውስጥ ቆመ።

«ያን ቀን ምን እንዳየሁ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ጫማ። የሰው ጫማ ብቻ። አንገቴን ቀና ማድረግ አቅቶኝ ልጄን ጫማ እያየሁ ቀበርኩት። አሁን ማን እንደሸኘው አየሁ። አንቺ እንደዚያ ስታለቅሺለት አየሁ። ምናለበት ብትተዪልኝ?» ለምነውኝ አያውቁም። በርበሬ እንኳ አልለመኑኝም።

ፋሲልና ሙሌ አንተ እየሳቅክ የነገርካቸውን ያውቃሉ። እሳቸው አያውቁም። አልነግራቸውም። በአንተ ምክንያት እኔም በዚህ ቤት ውስጥ ፊቴን አስተካክዬ የምዋሽ ሰው ሆኛለሁ።

ስለዚህ ደወልኩ። «ቀብሩ ይቆይ፣ እኔን ብቻ አውጡኝ» አልኩ።

«ኧረ እሱማ ቀላል ነው» አለ ፋሲል። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። ሚስትን ከባሏ ቀብር ማውጣት ቀላል ነው።

አዲሱ ቅጂ መታየት ሲጀምር እማማን ይዤ ሄድኩ። ፋሲል ቃሉን መጠበቁን ላረጋግጥ ነበር። የከሰዓት በኋላ ትርኢት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ጥንድ ጥንድ ወጣቶች ናቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ቤተ ዘመድ ቤት እንደሄደ ሰው።

ዝናቡ አካፋ። ሣጥኑ መጣ። ካፖርቶቹ። እማማ በርጩማው ላይ። ራሔል። ከዚያ እኔ የነበርኩበት ቦታ ደረሰ፤ በቦታዬ እርጥብ ግንብ አለ። ግንቡ ቆየ። ከዚያ የማላውቀው ሰው እጅ፣ ከዚያ እንደገና ራሔል። ያቺ «ጌታሁን» የምትለው ድምፅ ግን አልወጣችም፤ ያለ አፍ ትጮኻለች። ንጹሕ ሥራ ነው። የተቆረጠበት እንኳ አይታወቅም። የለሁም።

የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። እፎይታውን ጠበቅሁ።

«ሂሩት» አሉ እማማ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «አንቺ የት ሄድሽ?»

ከዚህም ከዚያም «ሽሽ» ተባለ። «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ ከኋላ አንድ ልጅ፣ ሳቅ እያፈነው።

«ምን ፊልም ነው፣ የልጄ ቀብር ነው» አሉት። «ሚስቱ ነች ይቺ። ከአጠገቤ ነበረች። ባለፈው ነበረች።»

ልጁ አልሳቀም። ማንም «ሽሽ» አላለም። አጠገባችን ያሉት ሸራውን ትተው እኛን ማየት ጀመሩ፤ በጨለማው ውስጥ ዓይናቸው ይታየኛል።

«እዚህ ነኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

«እዚህማ አለሽ» አሉ። «እዚያ ነው የምልሽ።»

ሸራው ላይ አፈር ይመለሳል። ሰዎች ያንን አፈር እያዩ ያለቅሳሉ፣ ለጌታሁን። ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን የሚያየው ሰው አንተን ስትቀበር ያያል፤ ሚስት እንደነበረህ አያውቅም። ይህን ያደረግነው ሁለታችን ነን። አንተ ቀብርህን ሰጠህ፣ እኔ ከቀብርህ ወጣሁ።

እንግዲህ ስማኝ። እነሱ ጌታሁንን ያስታውሱ፤ ቆንጆ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ሲሞትም ፀጉሩ አይበላሽም። እኔ አንተን አስታውሳለሁ። ስትናደድ ጆሮህ የሚቀላውን። ሳሙና ጨርሰህ ባዶ ማስቀመጫውን የምትተወውን። ዕድሜዬን ሙሉ ይቅር ልልህ የምሞክረውን፣ ዛሬ ግን ይቅር ያላልኩትን ሰው። አላሳምርህም። እዚያ እንደነበርኩ የሚያሳይ ምስል የለም፤ የእማማ ዓይንና የእኔ ጉሮሮ ብቻ ነው የቀረው። እሳቸው አርጅተዋል። ስለዚህ እኔ እቆያለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ላልጠየቀኝም፣ ያን ቀን በአፌ የነበረው ስም የማን እንደነበር እናገራለሁ።

ኤርምዬ ነበር።

ሚስትህ
ሂሩት